ምድጃ ያለውን ሳሎን ሞቅ ያለና ሰው የሚስብ ማድረግ፦ ከሙቀቱ እስከ መብራቱ

ምድጃ ያለው ሳሎን ሁሉ ይሞቃል ማለት አይደለም። እሳቱ ደምቆ እየነደደ ፊቱ የሚለበለበው፣ ጀርባው ግን የሚበርደው ሰው ያለበት ሳሎን ብዙ ነው። ሌላም አለ፤ እሳቱ ደህና ሆኖ ሳለ ሶፋዎቹ ሁሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረው ለምድጃው ጀርባቸውን የሰጡበት፣ ከኮርኒሱ ላይ የሚወርደው ኃይለኛ ነጭ ብርሃን ደግሞ የነበልባሉን ቀለም ያጠፋበት ሳሎን። በሁለቱም ቤት ባለቤቶቹ መፍትሔውን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት ከገበያ ነው፤ አዲስ ትራስ፣ አዲስ ሥዕል፣ አዲስ ጌጥ ይገዛል፤ ክፍሉ ግን እንደነበረ ይቀራል።

በእኔ እምነት ችግሩ ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ መስተካከል ያለበት ሰውነት የሚሰማው ሙቀት ነው፤ ቀጥሎ የመቀመጫው አቀማመጥ፤ ከዚያ ብርሃኑ፤ ጨርቁና ጌጡ የሚመጡት መጨረሻ ላይ ነው። የሚበርደው ሰው የትራሱ ውበት አይታየውም። ይህ መመሪያም የተጻፈው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። ምድጃቸው በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ወይም ጨርሶ የማይሠራ አንባቢዎች ስለ እንጨት የሚያወሳውን ክፍል አልፈው ሌላውን ሁሉ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

አንደኛ፦ ሙቀቱ የሚጠፋበትን ቦታ ማግኘት

ክፍት ምድጃ ክፍልን የሚያሞቀው በዋናነት በጨረር ነው። ነበልባሉ፣ ፍሙና የጋለው ጡብ ሙቀታቸውን ፊት ለፊታቸው ላለው ሰውና ዕቃ በቀጥታ ይሰጣሉ፤ የክፍሉን አየር ግን እምብዛም አያሞቁትም፤ ምክንያቱም የሞቀው አየር ከጭሱ ጋር ተስቦ ወደ ላይ ይወጣል። እንጨቱ ከሚሰጠው ሙቀት አብዛኛው በጭስ ማውጫው ያመልጣል፤ ብዙ ክፍት ምድጃዎች ለክፍሉ የሚያስቀሩት ከ10 እስከ 15 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው። በዚህ ላይ በጭስ ማውጫው የወጣው አየር በሌላ አየር መተካት ስላለበት፣ በበርና በመስኮት ስንጥቆች በኩል የውጭው ብርድ ወደ ቤት ይሳባል። በእሳት ፊት የተቀመጠ ሰው ጀርባውን የሚበርደውም፣ ምድጃው በነደደ ቁጥር ሌሎቹ ክፍሎች የሚቀዘቅዙትም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሽውታው በየት እንደሚገባ መለየት ነው። ውጭው በሚቀዘቅዝበትና እሳቱ በሚነድበት ምሽት አንድ ሻማ አብርተው፣ መጋረጃዎቹን ገለል አድርገው፣ በመስኮቱ ጠርዝ፣ በበሩ ሥርና ግድግዳው ከወለሉ ጋር በሚጋጠምበት መስመር ላይ ቀስ እያሉ ያንቀሳቅሱት። የሻማው ነበልባል ቀጥ ብሎ ከቆመ ቦታው ደህና ነው። ወደ ክፍሉ ውስጥ ጎንበስ ካለ ወይም ከተርገበገበ ብርዱ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ቦታውን በእርሳስ ምልክት ያድርጉበትና ጠዋት በብርሃን ይመለሱበት። የመስኮት ጠርዝ በሚለጠፍ የጎማ ወይም የስፖንጅ ማሸጊያ ይዘጋል፤ የግድግዳና የወለል ስንጥቅ በሲሊኮን ወይም በመሰል ማሸጊያ ይሞላል፤ ለበር ሥር ደግሞ በበሩ ታችኛ ጠርዝ ላይ የሚገጠም ብሩሽ፣ ወይም አሸዋ ተሞልቶ የተሰፋ ረጅም የጨርቅ ጥቅል ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥንቃቄ አለ። እሳት አየር ይፈልጋል፤ ክፍሉ ጨርሶ ከታሸገ ጭሱ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ወደ ሳሎኑ ይመለሳል። ለምድጃው ተብሎ የተሠራ የአየር ማስገቢያ ካለ በምንም ምክንያት አይደፈን። ሽውታውን ከዘጉ በኋላ ምድጃው ማጨስ ከጀመረ፣ ወይም የማእድ ቤቱ አየር መሳቢያ ሲበራ ጭስ የሚመለስ ከሆነ፣ አየሩ አንሷል ማለት ነውና መስኮት ገርበብ ያድርጉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ አእምሮ ሳያውቀው ሰው ይገድላል። ስለዚህ የሚነድ ነገር ባለበት ሳሎን ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ መኖሩ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከማንኛውም ጌጥ በፊት ገንዘብ የሚወጣበትም እሱ ነው።

እሳት በማይነድበት ጊዜ ደግሞ ተቃራኒው ይሠራል። የጭስ ማውጫው መዝጊያ ክፍት ከሆነ ሳሎኑ ሌት ተቀን መስኮቱ እንደተከፈተ ያህል ሙቀት ያጣል። መዝጊያው መዘጋት ያለበት ግን አመዱ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ነው፤ ውስጡ ፍም እያለ መዝጋት መርዛማውን ጋዝ ወደ ቤት መመለስ ነው። መዝጊያ ለሌለው ወይም መዝጊያው ለሚያሾልክ ምድጃ በጭስ ማውጫው ጉሮሮ ውስጥ የሚወጠር ፊኛ ወይም የሱፍ መወተፊያ ይሸጣል። ሲያስገቡት ቀይ ጥብጣብ አስረው ጫፉን ወደ ታች ያንጠልጥሉት፤ የረሳ ሰው እሳት ከማያያዙ በፊት ያየዋል።

ቀጥሎ መስኮቱ ነው። ሰውነት የሚሰማው የአየሩን ሙቀት ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው ያሉት ነገሮች ፊት መቀዝቀዙንም ይሰማል። አየሩ በቂ ሙቀት እያለው ትልቅ የቀዘቀዘ መስታወት አጠገብ የተቀመጠ ሰው የሚበርደው የገላው ሙቀት በጨረር ወደ መስታወቱ ስለሚሄድ ነው። ውስጡ ገበር ያለው፣ ከመስኮቱ በላይ ተጀምሮ ወለል የሚነካና ከሁለቱም ጎን እስከ ግድግዳው የሚደርስ ወፍራም መጋረጃ ይህን በደንብ ይቀንሰዋል። ቀን ፀሐይ እንድትገባ ይከፈታል፤ ሲመሽ ይዘጋል። ከመስኮቱ ሥር የሙቀት መስጫ ራዲያተር ካለ ግን መጋረጃው ከፊቱ መውረድ የለበትም፤ አለበለዚያ ሙቀቱ በመጋረጃውና በመስታወቱ መካከል ታፍኖ ይቀራል።

ምድጃውን ራሱን ማሻሻል ለሚችል ሰው ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ ከእሳቱ ጀርባ ወፍራም የብረት ሰሌዳ ማቆም ነው፤ ሰሌዳው ሲግል ወደ ኋላ ሊባክን የነበረውን ሙቀት ወደ ክፍሉ ይመልሳል፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ሙቀት ይሰጣል። ከበድ ያለው መንገድ በምድጃው አፍ ውስጥ የመስታወት በር ያለው ዝግ የብረት ምድጃ ማስገጠም ነው። የዘመኑ ዝግ ምድጃዎች ከእንጨቱ ሙቀት 70 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆነውን ለክፍሉ ያስቀራሉ። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ጭስ ማውጫውም አብሮ መለካትና ምናልባትም ውስጡ መታደስ ይኖርበታል።

የምድጃው ቅርጽ ራሱ ለውጥ እንደሚያመጣ ከታወቀ ቆይቷል። ካውንት ራምፎርድ በሚል ማዕረግ የሚታወቀው ቤንጃሚን ቶምሰን በ1796 ስለ ምድጃ ባሳተመው ጽሑፍ፣ የምድጃው ውስጥ ጥልቀቱ ቢቀንስ፣ የጎን ግድግዳዎቹ ወደ ክፍሉ ቢከፈቱና የጭስ ማውጫው ጉሮሮ ቢጠብ ብዙ ሙቀት ወደ ክፍሉ እንደሚመለስ አሳይቶ ነበር። አዲስ ምድጃ የሚያስገነባ ሰው ግንበኛውን ስለዚህ ቅርጽ ቢጠይቅ አይቆጭም።

ሁለተኛ፦ ሳያጨስ የሚነድ እሳት

የሚያጨስ፣ የሚንጣጣና በየጊዜው የሚጠፋ እሳት ክፍሉን አያሞቅም፤ የተቀመጠውንም ሰው አያሳርፍም። የዚህ ሁሉ ዋና ምክንያት ርጥብ እንጨት ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ እሳቱ ይህን ውሃ ለማትነን የሚያጠፋው ሙቀት ለክፍሉ አይደርስም። ለምድጃ የሚሆን እንጨት የርጥበት መጠኑ ከ20 በመቶ በታች መሆን አለበት፤ ለዚህም ተፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ላዩ ተሸፍኖ ጎኑ ለነፋስ ክፍት ሆኖ እንደ እንጨቱ ዓይነት ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት መቆየት ይኖርበታል። ርጥበቱን የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ሲለኩ ፍልጡን እንደገና ፈልጠው አዲሱን ፊት ይለኩ፤ የውጭው ገጽ ያታልላል። መሣሪያው ከሌለ ሁለት ፍልጥ እርስ በርስ ያጋጩ፤ የደረቀ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ጫፉም ላይ ስንጥቅ ይታያል፤ ርጥቡ ግን ድምፁ የታፈነ ነው፣ በእጅም ከበድ ይላል።

እሳቱን ለማያያዝ ከታች ወደ ላይ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች የሚነደውን አደራደር እመርጣለሁ። መጀመሪያ የጭስ ማውጫውን መዝጊያ ይክፈቱ። ቀጥሎ አንድ ጋዜጣ ጠቅልለው ጫፉን ያቀጣጥሉና ወደ ጭስ ማውጫው ጉሮሮ ከፍ አድርገው ይያዙት፤ በመጀመሪያ ጭሱ እያመነታ ወደ እርስዎ ዘንበል ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ በድንገት ወደ ላይ መሳብ ይጀምራል። ያን ጊዜ በጭስ ማውጫው ውስጥ ተኝቶ የነበረው ቀዝቃዛ አየር ተገፍቶ ወጥቷል ማለት ነው፤ ብዙ ሰው ቤቱን በጭስ የሚሞላው ይህችን እርምጃ ስለሚዘል ነው። ከዚያ ወፍራሞቹን ሁለት ወይም ሦስት ፍልጦች መካከላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትተው ከሥር ያጋድሙ፤ በላያቸው መካከለኛ ፍልጦችን አግድም ይደርድሩ፤ ከሁሉ በላይ ደረቅ ጭራሮና የተጨማደደ ወረቀት አድርገው ከአናቱ ያያይዙት። እሳቱ እየበላ ወደ ታች ሲወርድ ከሥር የሚወጣው ጭስ በነበልባሉ ውስጥ ለማለፍ ስለሚገደድ እዚያው ይቃጠላል፤ ስለዚህ ጭሱ ይቀንሳል፣ እሳቱም ብዙ ሳይነካካ ይቆያል።

ከተያያዘ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ፍልጥ እየጨመሩ መቀጠል ይሻላል፤ ምድጃውን በአንድ ጊዜ መሙላት ለጊዜው ክፍሉን ያቃጥላል፣ ቀጥሎ ያጨልመዋል። ከሥሩ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲሜትር የሚሆን አመድ ይተዉ፤ አመዱ የፍሙን ሙቀት ይዞ ያቆያል። ቀለም የተቀባ ወይም በመድኃኒት የተነከረ ጣውላ፣ ፕላስቲክና የሚያንጸባርቅ ወረቀት ግን ፈጽሞ አይቃጠልበት።

ከምድጃው ፊት የሽቦ መረብ መከለያ ይኑር፤ ፍንጣሪ ምንጣፍ ላይ እንዳይወድቅ ይከላከላል፣ እሳቱንም ከዓይን አይሰውርም። አመድ የሚጠረገው ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ሲሆን ባልዲውም ከቤት ውጭ፣ ከእንጨት ወለል ርቆ ይቀመጣል፤ በአመድ ውስጥ የተቀበረ ፍም ለቀናት ሳይጠፋ ሊቆይ ይችላልና። ጭስ ማውጫውን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ባለሙያ ይየውና ይጥረገው፤ በተለይ ርጥብ እንጨት ሲነድበት ክሪዮሶት የሚባል ተቀጣጣይ ጥቀርሻ በግድግዳው ላይ ይጋገራል፤ እሱ የተያያዘ ዕለት እሳቱ ወደ ቤቱ ሊዛመት ይችላል።

ሦስተኛ፦ መቀመጫውን ወደ እሳቱ መሰብሰብ

ሙቀቱ ከተስተካከለ በኋላ ከሁሉ በላይ ክፍሉን የሚለውጠው፣ ምንም ገንዘብ ሳይወጣበትም የሚሠራው፣ መቀመጫውን ማዛወር ነው። በብዙ ሳሎኖች ሶፋዎቹ በአራቱም ግድግዳ ላይ ተለጥፈው መካከሉ ባዶ ይቀራል። እንዲህ ያለ ክፍል ሰፊ ይመስላል እንጂ ሰው አያቀራርብም፤ የጨረር ሙቀትም ከምድጃው በራቁ ቁጥር በፍጥነት ስለሚቀንስ፣ ግድግዳ ሥር የተቀመጠው እንግዳ እሳቱን ከማየት በቀር አይሞቀውም።

ሶፋዎቹን ከግድግዳው አላቅቀው ወደ ምድጃው ያቅርቧቸው። መቀመጫው ከእሳቱ ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ቢርቅ ደህና ሙቀት ያገኛል፤ ማንኛውም ሊቃጠል የሚችል ነገር ግን ከአንድ ሜትር በላይ መቅረብ የለበትም። ክፍሉ ሰፋ ካለ ሁለት ሶፋዎች ከምድጃው ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ተያይተው ቢቀመጡ ከሁሉ ይሻላል፤ ሁሉም ሰው አንገቱን ትንሽ ብቻ አዙሮ እሳቱንም የሚያነጋግረውንም ሰው ያያል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከሁለት እስከ ሁለት ሜትር ተኩል ከሆነ ድምፅ ከፍ ሳይደረግ መነጋገር ይቻላል። በጠባብ ክፍል አንድ ሶፋ ከምድጃው ፊት ለፊት፣ ሁለት ነጠላ ወንበሮች ደግሞ ከእሳቱ ጎንና ጎን ሰያፍ ሆነው ቢቀመጡ ይበቃል። አንድ ዝቅ ያለ በርጩማ በምድጃው አጠገብ ይኑር፤ ብርድ ይዞት የገባ ሰው ቀድሞ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

መተላለፊያውን ልብ ይበሉ። ከበሩ ወደ ሌላው ክፍል የሚሄድ ሰው በተቀመጡት ሰዎችና በእሳቱ መካከል የሚያልፍ ከሆነ ጨዋታው በየደቂቃው ይቋረጣል። ሶፋው ወደ ውስጥ ሲሳብ ብዙውን ጊዜ ከጀርባው መንገድ ይገኛል፤ ከሶፋው ጀርባ ጠባብ ረጅም ጠረጴዛ ቢቆም ደግሞ መብራት ማስቀመጫም ይሆናል፣ የሶፋውንም ጀርባ ይሸፍናል። እያንዳንዱ መቀመጫ እጅ በሚደርስበት ቦታ ኩባያ የሚቀመጥበት ነገር ያስፈልገዋል። የመካከሉ ጠረጴዛ ከሶፋው ከ40 እስከ 45 ሴንቲሜትር ቢርቅ እግር ያሳልፋል፤ እጅም ይደርሳል።

ቴሌቪዥኑን ከምድጃው በላይ መስቀል የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልመክረውም። ወደ ላይ የሚወጣው ሙቀት የመሣሪያውን ዕድሜ ያሳጥራል፤ ከፍታውም አንገት ያሳምማል፤ ከሁሉ በላይ ግን የጠፋው ጥቁር ስክሪን የክፍሉን ምርጥ ቦታ ይይዝና እሳቱን የበታች ያደርገዋል። ከምድጃው ጎን ባለው ግድግዳ ላይ፣ የተቀመጠ ሰው ዓይን በሚያርፍበት ከፍታ ይሁን፤ ሶፋውም ሁለቱን ማየት ወደሚያስችል ማዕዘን ዘንበል ይበል።

አራተኛ፦ ብርሃኑን ማውረድ

እሳት የሚሰጠው ብርሃን ዝቅ ካለ ቦታ የሚነሳ፣ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላና የሚወዛወዝ ነው። ከኮርኒስ የሚወርድ አንድ ኃይለኛ መብራት ይህን ሁሉ ይገድለዋል፤ የሰውን ፊት ከላይ ስለሚያበራ ከዓይን ሥር ጥላ ይጥላል፤ ክፍሉንም ቢሮ ያስመስለዋል። ምሽት ላይ የኮርኒሱ መብራት ይጥፋና ክፍሉ በብዙ ትናንሽ መብራቶች ይብራ።

ለመካከለኛ ሳሎን ከሦስት እስከ አምስት መብራት ይበቃል፤ ከፍታቸው ግን የተለያየ ይሁን፤ አንድ የቁም መብራት ከንባብ ወንበሩ ኋላ፣ አንድ ወይም ሁለት የጠረጴዛ መብራት በሶፋው ጎን፣ አንድ ትንሽ መብራት ደግሞ በመጻሕፍት መደርደሪያው ውስጥ። የመብራቱ ጥላ የታችኛው ጠርዝ ከተቀመጠ ሰው ዓይን ጋር እኩል ወይም ዝቅ ያለ ከሆነ አምፖሉ ዓይን አይወጋም። ከምድጃው አጠገብ ብርቱ መብራት አያስቀምጡ፤ ነበልባሉ ይደበዝዛል። ከምድጃው በጣም የራቀው ጥግ ግን ያለ መብራት መቅረት የለበትም፤ ያ ጥግ ሲጨልም ክፍሉ ከእሳቱ ዳር ያበቃል፤ ጀርባውን ለጨለማ የሰጠ ሰውም አይረጋጋም።

አምፖል ሲገዙ የብርሃኑ ቀለም በኬልቪን ተጽፎ ያገኙታል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብርሃኑ ወደ ቢጫና ወደ ቀይ ያደላል፤ የሻማ ብርሃን 1900 ገደማ ነው፤ 4000 እና ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ ነጣ ብሎ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ለምድጃ ሳሎን 2700 ወይም ከዚያ በታች ይምረጡ፤ ዋናው ነገር ደግሞ በክፍሉ ያሉት አምፖሎች ሁሉ አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው፤ አንዲት ነጭ አምፖል የሌሎቹን ሥራ ታበላሻለች። ቀለምን በትክክል የማሳየት ደረጃው 90 እና ከዚያ በላይ የሆነ አምፖል የእንጨቱን፣ የጨርቁንና የሰውን ቆዳ ቀለም ሕያው ያደርጋል። የብርሃን መቀነሻ ማብሪያ ካስገጠሙ አምፖሉ ከእሱ ጋር የሚሠራ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የማይሠራው ይርገበገባል።

አምስተኛ፦ ምድጃው ራሱና በላዩ ያለው መደርደሪያ

መቀመጫው ሁሉ ወደ ምድጃው ከዞረ በኋላ ዓይን የሚያርፈው እዚያ ነውና ፊቱ ሥርዓት ይኑረው። በጥላሸት የጠቆረውን ጡብ በደረቅ ብሩሽ፣ ከዚያም በሞቀ ውሃና በሳሙና ያጽዱ። ጡቡ በጣም ጨለማ ሆኖ ክፍሉን ከከበደው ኖራ መቀባት ከተራ ቀለም ይሻላል፤ ኖራ ጡቡን አያፍነውም፣ የድንጋዩንም ገጽ አይደፍነውም፤ ተራ ቀለም ግን አንዴ ከተቀባ ማስለቀቁ አድካሚ ነው። የምድጃውን ውስጠኛ ክፍል መቀባት ካስፈለገ ሙቀት የሚችል ቀለም ብቻ ይጠቀሙ፤ ጥቁር ቢሆን ነበልባሉ ደምቆ ይታያል።

በመደርደሪያው ላይ ጥቂት ነገር ብቻ ይቀመጥ፤ ቁመታቸው የተለያየ፣ ከግራና ከቀኝ እኩል ያልተደረደረ ቢሆን ዓይን ይበልጥ ይወደዋል። ከጠርዙ ወደ እሳቱ የሚንጠለጠል ጨርቅ፣ የደረቀ አበባ ወይም ወረቀት አይኑር። ከላዩ መስታወት መስቀል ከፈለጉ ከመቸንከርዎ በፊት አንድ ሰው መስታወቱን እንዲይዝልዎ ያድርጉና ሶፋው ላይ ተቀምጠው ይመልከቱ፤ የሚያዩት ባዶ ኮርኒስ ከሆነ መስታወቱ ምንም አልጨመረም። የጠረጴዛ መብራት ወይም መስኮት ካሳየ ግን የክፍሉን ብርሃን ይጨምረዋል።

የግድግዳ ቀለም ሲመርጡ በትልቅ ካርቶን ላይ ቀብተው በምሽት፣ መብራቶቹና እሳቱ በርተው እያሉ ይዩት። ቀን በሱቅ ውስጥ ሞቅ ያለ ይመስል የነበረ ነጭ ማታ ግራጫ ሊሆን ይችላል። በቀዝቃዛ ብርሃን ለሚኖር ክፍል ወደ ክሬም፣ ወደ ሸክላ ወይም ወደ ቡናማ የሚያደላ ቀለም ይስማማዋል። ጠቆር ያለ ቀለም ክፍሉን ያጠባል ብለው የሚፈሩት ብዙዎች ናቸው፤ ማታ ማታ ለሚቀመጡበት ሳሎን ግን ይህ መጥበብ ጥቅም ነው።

ስድስተኛ፦ ምንጣፍ፣ ጨርቅና ድምፅ

በክፍሉ መካከል ቆመው አንዴ ያጨብጭቡ። ድምፁ ተመልሶ የሚያቃጭል ከሆነ ሳሎኑ ምንጣፍና ጨርቅ ያንሰዋል። የሚያስተጋባ ክፍል ሙቀት እያለውም ቀዝቃዛ ይመስላል፤ የእንጨቱ መንጣጣትና የሰው ንግግርም በማስተጋባቱ ይጋጫሉ። ወፍራም ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ በመጻሕፍት የተሞላ መደርደሪያና ጨርቅ የለበሰ ወንበር ድምፁን ውጠው ያረጋጉታል።

ምንጣፉ ትልቅ ይሁን። የመቀመጫዎቹ ሁሉ የፊት እግሮች ሊያርፉበት ይገባል፤ በመካከል ብቻ የተነጠፈ ትንሽ ምንጣፍ መቀመጫዎቹን ከመሰብሰብ ይልቅ ይለያያቸዋል። ለምድጃ ቅርብ ለሚሆነው ሱፍን የሚያህል የለም፤ ሱፍ በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ ፍንጣሪ ቢወድቅበትም አርሮ የመጥፋት ባሕርይ አለው፤ ከፕላስቲክ ክር የተሠራው ግን ቀልጦ ይበሳል። ቢሆንም ከምድጃው አፍ ፊት ያለው የድንጋይ ወይም የጡብ ወለል ባዶውን ይቅር።

የሶፋ ጨርቅና ትራስ ሲመርጡ በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅ ይምረጡ። ሸካራና ለስላሳ፣ ሱፍና ጥጥ፣ ከፋይና ቆዳ አብረው ሲሆኑ የእሳቱ ብርሃን በእያንዳንዱ ላይ በተለየ መንገድ ያርፋል። በየሶፋው ክንድ ላይ አንድ የሱፍ ብርድ ልብስ ይኑር፤ ታጥፎ በቁም ሣጥን የተቀመጠውን እንግዳ አይጠይቅም፣ አጠገቡ ያለውን ግን ሳይባል ይደርባል። ከዚህ ያለፈ ብዙ ትራስ ሰው የሚቀመጥበትን ቦታ መያዝ ነው።

እሳት የማይነድበት ምድጃ

የማይሠራ ምድጃ ጨለማ ጉድጓድ ሆኖ እንዳይቀር ውስጡ ተጠርጎ የተቆረጠ ፊታቸው ወደ ውጭ የዞረ ፍልጦች እስከ አፉ ቢደረደሩበት ክፍሉ የእንጨቱን ቀለም ያገኛል። ወፍራም ሻማዎች በብረት ትሪ ላይ፣ ረጃጅሞቹ ከኋላ አጫጭሮቹ ከፊት ሆነው ቢበሩበትም ያምራል፤ ሻማና የእንጨት ድርድር ግን አብረው አይሆኑም። የተዘጋ ጭስ ማውጫ ውስጡ እንዳይሻግት ትንሽ የአየር መተላለፊያ ይተውለት። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ምድጃ ነበልባሉን ወደ ዝቅተኛውና ወደ ብርቱካናማው ቀለም ያውርዱት። የጋዝ ምድጃን በየዓመቱ ባለሙያ ይመርምረው። በኤታኖል የሚነደው ጭስ ማውጫ ባይፈልግም የክፍሉን ኦክስጅን ይጠቀማልና አየር ይግባለት፤ እየነደደ ወይም እየጋለ ሳለ ነዳጅ መጨመር ከባድ ቃጠሎ ያደርሳል።

በመጨረሻ፦ በየመቀመጫው መፈተሽ

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ በአንድ ምሽት እሳቱንና መብራቶቹን አብርተው በእያንዳንዱ መቀመጫ ላይ ለአሥር ደቂቃ ያህል ይቀመጡ። ከዚያ ቦታ እሳቱ ይታያል? ዓይን የሚወጋ አምፖል አለ? ኩባያ የት ያርፋል? አንገትና ቁርጭምጭሚት ላይ ሽውታ ይሰማል? ለማንበብ ብርሃኑ ይበቃል? ብዙውን ጊዜ አንድ መቀመጫ በሁሉም ጥያቄ ይወድቃል፤ እንግዳም የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ ነው። ያን ወንበር ግማሽ ሜትር ወደ ውስጥ ይሳቡት፤ ከጎኑ ትንሽ ጠረጴዛና መብራት ያድርጉለት፤ ካልሆነም ከክፍሉ ያውጡት።